ሰምና መዳብ

በሦስት መቶ ዝሎቲ
ጊታር ገዛሁ ቅዳሜ፣ ከገበያ ባዉቲ።
እንጨቱ ምን ይወጣለት፣ አንገቱም ቀጥ ብሏል፤
የማን ክርን እንደሁ እንጃ፣ ቀለሙን ልጦታል።
ድምፁ ነው እንጂ ጉዱ፦
አምፑ ላይ ስሰካው፣ ገና ክር ሳልነካ፣
ጅራቷን የረገጧት ድመት ይጮኻል ለካ።
ትራም በታች ባለፈ ቁጥር ያጉረመርማል፤
የጎረቤት ፍሪጅ ሲነሳ፣ አብሮት ያቃስታል።

«ፒካፑን ቀይረው» አለኝ ባለሱቁ፣
በመስታወት ሣጥን፣ እንደ ቅዱስ አፅም፣ አንዱን እያሳየኝ በሩቁ።
ሰባት መቶ ሃምሳ!
እጄ ኪሴ ገብቶ መውጫውን ረሳ።
ከፈረሱ ዋጋ ኮርቻው ሲበልጥ፣
የትራም መካኒክ ደሞዝ ስንት ጊዜ ይለጠጥ?

«ቦጉሚላ ዘንድ ሂድ» አለኝ ራዶሚር፣
ፍሬን እየፈታን፣ ከትራሙ ሥር።
«ፋብሪካው ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም፣
የእሷ ጣት አልተዘጋም።»

ከተማችን ዉች፣ ስሟ ጀልባ ማለት፣
ጀልባ የሚያንሳፍፍ ወንዝ ግን የሌላት።
ወንዟ ጥጥ ነበረ።
ጥጡ የደረቀ ዕለት፣
ጭስ ማውጫው ያለ ጭስ፣ እንደ ጅብራ ተገትሮ ቀረ።

ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ደወሉም አይሠራም።
አንኳኳሁ። «ጫማህን» አለች እንጂ፣ ማን ነህ አላለችም።
ጠረጴዛዋ ላይ የልብስ ስፌት መኪና፣
መርፌው ተነቅሎለት፣ መዘውሩ ገና ደህና፤
ቀሰም በነበረበት ቦቢን ይሽከረከራል፤
የሚጠመጠመው ሽቦ ከፀጉር ይቀጥናል፤
ዓይን አያየውም፣ ጣት ብቻ ያውቀዋል።
«ስምንት ሺህ ዙር» አለችኝ፣ «አንዴም ሳይበጠስ።
ያው ፈትል ነው፤ ልዩነቱ፣ ይሄኛው አይለበስ።»

መሳቢያዋን ሳበች፦
«ይሄ ከቼክ ጊታር፣ ሰው ሰብሮት የነበረ፤
ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቄስ ይመስላል፣ ጉንፋን ይዞት ያደረ።
ይሄ የቻይና ነው፣ አርባ ዝሎቲ። አትናቀው፤
ማግኔቱን ለውጬለት፣ ይኸው ሆነ ሰው።
ይሄ ሁለት ጥቅል ነው፤ ማጉረምረም ያጠፋል፤
ግን ከማጉረምረሙ ጋር፣ ጥርሱም ይረግፋል።
ይሄን ግን አልሰጥም» ብላ፣ አንዱን በመሀረብ ጠቀለለች፤
ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረች።

ከዚያ የኔን ፈትታ፣ በካቻቢቴው እጀታ
መታ መታ አድርጋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣
«ይሄ የሚቀየር አይደለም፤ ሰም ነው የራበው።
ፈትሉ ላልቷል። የሚጮኸው የላላው ነው።»

በሰርዲን ቆርቆሮ ሰሙን አቀለጠችው፣
ከሙታን ቀን ሻማ፣ ከባሏ መቃብር የሰበሰበችው፣
ትንሽ የንብ ሰም ጨምራ የቀየጠችው።
ፒካፔ ሰጠመ። ትንንሽ አረፋ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ፣ ወጥቶ ወጥቶ ጠፋ።
«ጩኸትህ እሱ ነበር» አለች፣ «አየር ነው፤ ሄደልህ።
ማጉረምረሙ ይቀራል። ርካሽ ነገር
ትንሽ ቢያጉረመርም መብቱ ነው፤ ተውለት እባክህ።»

ሰሙን አየሁ። ወርቁን ፈለግሁ ከሥሩ፤
መዳብ ብቻ ነበረ፣ መዳብ እስከ ዳሩ።

«ስንት ልክፈል?» ስላት፣ «ደወሌን ሥራልኝ።»
ሁለት ሽቦ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ማታ ቤቴ ሰካሁት። አልጮኸም። ዝም አለ።
የመጨረሻው ትራም በመስኮቴ ሥር ተንከባለለ፤
ጊታሬ አጉረመረመ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።
መብትህ ነው፣ አልኩት።
ድምፁን ትንሽ ጨመርኩለት።