ታንኳ ሲሰጣ

ባጃጄን አቁሜ ከወርካው ጥላ ሥር፣
ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፣ መቀመጥ ልማር።

ሳቁ፤ እውነታችሁን ነው።
ሥራዬ መቀመጥ፣ እንጀራዬ ወንበር፤
ከንጋት እስከ ማታ ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር፤
ግን አካሌ እንጂ እኔ
አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ሰኔ ላይ በአምስት ብር መልስ ከሰው ተጣልቼ፣
ቤት ገባሁ፣ በሩን በእግሬ ከፍቼ።
ትርንጎ፣ ልጄ፣ ወለል ላይ ደብተር ታሰምራለች፤
ኮቴዬን ስትሰማ
እርሳሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ልክ እንደ ሌባ፤
ትከሻዋ ከፍ ብሎ
ወደ ጆሮዋ ገባ።

አልነካኋትም። እጄን አንሥቼባት አላውቅ።
ትከሻ ግን አይታለል፤
ድምፅም ክንድ እንዳለው፣ ከሩቅ እንደሚያንቅ
ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

«ግፊትህ ጨምሯል» አለች የጤና ጣቢያዋ ነርስ፤
«ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ምንም ሳትሠራ፣
ትንፋሽህን ብቻ ስማው፣ ተራ በተራ።»
በልቤ ሳቅሁባት።
ትንፋሽም ይሰማል?
ትንፋሽ የሚሰማው ሲቆም ነው፣ በዕድር ጥሩምባ።

ቢሆንም ሞከርሁት።
አንድ ብዬ ሳብሁ። ሁለት ብዬ ለቀቅሁ።
ሦስት ላይ ቤንዚን፤ የማደያው ሰልፍ።
አራት ላይ ዕቁቡ፤ ዕጣው ዘንድሮም እኔን ሲያልፍ።
አምስት ላይ ያ ሰውዬ፣ ራሱ፣ ከነአምስት ብሩ!
ስድስት የሚባል ቁጥር
ለሦስት ሳምንት አላየሁ፤ ጠፋብኝ ሰፈሩ።

ጉማሬ ብቅ ይላል ከቄጠማው መሐል፤
እፍ! ብሎ ይተነፍሳል፤ ተመልሶ ይገባል።
አይቆጥርም።
የዘጌው ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ ሐይቁን ሲሰነጥቀው፣
ሐይቁ ቂም አይዝም፤ ከኋላ ከኋላው ይገጥማል።
እኔ ግን አያለሁ፤ እቀናለሁ፤
ቅናቴን እቆጥራለሁ።

ከእኔ ወዲያ እንድሪስ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣል፤
ከግንቡ አስደግፎ እንደ ሰው ያቆመዋል።
«ምነው» አልሁት አንድ ቀን፣ «ሳይቀደድ፣ ሳይላላ?
ዓሣው እኮ አሁን ነው!»
ቀና እንኳ አላለም፤ ገመዱን እየሳበ ወደ ኋላ፣
«ደንገል ውሃ ይጠጣል» አለኝ።
«አይታወቅም፤ ለሐይቁም፣ ለታንኳውም፣ ለቀዛፊውም።
መስመጥ በአንድ ቀን አይመጣ፤
ሌሊት ሲጠጣ ያድራል፤
ጠዋት ይወጣል፤ ጠዋት ይሰጣ።»
«በምን ታደርቀዋለህ?»
«እኔ? እኔ አላደርቀው።
አቆመዋለሁ። የቀረው የፀሐይ ነው።»

ዝም አልሁ።
እኔስ ስንት ዓመት ጠጣሁ?
የሰልፉን ግፊያ፣ የኪራዩን ጭማሪ፣
የመንገድ ላይ ስድብ፣ የአባቴን ኩርፊያ፣
ጠጥቼ፣ ጠጥቼ፣
«ይኸው አልሰመጥሁም» እላለሁ፣ ከውሃው እኩል ተኝቼ።

ያን ዕለት ቁጥሩን ተውሁ።
ራሴን ጎትቼ አወጣሁ፤ ድንጋዩ ላይ አቆምሁ።
ቁጣዬ ሲንጠባጠብ
አየሁት እንጂ አልጠረግሁ።
(በማግሥቱ ከትራፊኩ ጋር ተጣላሁ። ልክ ነው። አልዋሽም።)

ትናንት ማታ ደጄ ላይ ሞተር አጥፍቼ ቆየሁ፤
ጨለማው ውስጥ ተነፈስሁ፤
ስድስትን አገኘሁት። ሰባትንም አየሁ።
ከዚያ በሩን በእጄ ከፍቼ ገባሁ።
ትርንጎ እርሳሷን፣
አሁንም፣ አስቀመጠች።
ትከሻዋ ተነሣ፤
ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

«አባ፣ ባጃጁ ተበላሸ እንዴ? ደጅ ቆየህ።»
«አልተበላሸም» አልሁ፣ «ውሃ ጠጥቶ ነው፤ እስኪደርቅ ቆሜ።»
ትክ ብላ አየችኝ። አልሳቀችም።
ደንገል በአንድ ፀሐይ አይደርቅም።

ግን እርሳሷን አነሣች፤
የጀመረችውን መስመር፣
ካቆመችበት፣
ቀጠለች።