ቧንቧ ውሃ ሰፈር

የምኖርበት ሰፈር ስሙ ቧንቧ ውሃ፤
ሃያ ሦስት ቀኑ ከሆነ በረሃ።
ከጦሳ ጫፍ ወርዶ ጉም ያረጥበናል፣
ቧንቧው ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም ይለናል።

ሥራዬ ዜና ነው። ማክሰኞ ረፋዱ
«ውሃው ሊመለስ ነው» ይላል ሰነዱ፤
እንዳለ ጻፍኩና ለአቶ ደርሰህ ሰጠሁ።
ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። አልተቆጡም። እንዲህ አሉኝ፦
«ሊመለስ ነው ማለት ያቅማማ ቋንቋ ነው፤
ሕዝቡ ተስፋ ይሻል፣ ተመልሷል በለው።»
የመለሰው ማን ነው? ግሱ አይናገርም፤
«ተ» ከፊት ስትቆም አድራጊ የለውም።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮው አወራ፣
ጥርት ባለ ድምፁ፣ ሳያፍር ሳይፈራ።
ሚስቴ ጦይባ ተነሣች፣ ባልዲ ይዛ ወጣች፤
ከፈተች። ጠበቀች። ዘጋች። ደግሞ ከፈተች።
ከዚያ የተናገረችው ነው የገደለኝ፦
«የኛው ተበላሽቶ ነው፣ ቧንቧ ሠሪ ጥራልኝ።»
ዋሽቻለሁ አላልኩም።
እንግሊዝ ቁልፍ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ።

ሰፈሩም እንደዚያው። ሼህ ሙሄ በር ዘግተው
ቱቦ ይፈታሉ። ወይዘሮ የሺእመቤት
«አለ፣ አለ» ይላሉ፣ ባዶ ጀሪካን ከአልጋ ሥር ደብቀው።
ሁሉም የገዛ ቧንቧውን ያማል፤
የጎረቤቱ ቤት የሚፈስ ይመስለዋል።

በወሩ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ለስብሰባ፣
ኃላፊው ተሾሙ፣ ተሰጣቸው አበባ።
የታሸገ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።
እሳቸው እንደ ቧንቧችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና
የእኔኑ ዜና አንሥተው፣ እያገላበጡ፣ እያወደሱ፣
«አንድም ቅሬታ አልመጣም» አሉ፤ «ሕዝቡ መስክሯል ራሱ።»
እውነት ነው፣ አልመጣም።
አፍሮ ነበር እሱ።

ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ጦይባ ስትተኛ፣
ወደ ምንጩ ወረድኩ በቦርከና ዳር፣ እንደ ሌባ፣ ብቻዬን፣
ባትሪዬን በመዳፌ ሸፍኜ።
ጨለማው ውስጥ የላስቲክ ድምፅ ሰማሁ፤
አንድ መስሎኝ ነበር፣ ሠላሳ ይሆናል፤
የሼህ ሙሄን ሳል ለየሁት፣ የየሺእመቤትንም ነጠላ።
ማንም ማንንም አይቶ ሰላም አይልም።

አንዱ ግን ከፊት ሆኖ፣ ለራሱ ያህል፣
«እኔማ የኔ ብቻ መስሎኝ...» አለ።
ያ ድምፅ! ጥርት ያለው። የሬዲዮው ድምፅ ነው።
ሠላሳ ጀሪካን ዞሮ ተመለከተው።

እኔን ማንም አላየኝ። ድምፅ አላሰማሁም፤
እኔ እንደዚያች ግስ ነኝ፣ አድራጊ የለኝም።
ቆይቼ፣ ቆይቼ፣ ከሰው ኋላ ቆሜ፣
«መጨረሻው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንተ ነህ» አሉኝ።