«አለች»

ደብዳቤው የመጣ ቀን ሞላሌ በረዶ
የቢሯችንን ቆርቆሮ ይወግራል ወርዶ።
ጮኼ አነበብኩት፦ «በሰሜን ሸዋ ዞን
የሴት ልጆች ማኅበር አምስቱ አንድ ይሁኑ፤
መዝገብና ማኅተም፣ ገንዘብና ሣጥን
ይዛችሁ ሐሙስ ዕለት ደብረ ብርሃን ኑ።»
ፋንታነሽ ሳቀች፦ «ተዳርን በሉኛ!
ጥሎሹን ሳናይ፣ ሳይጠይቀን ዳኛ።»

ሣጥናችን ውስጥ ያለው፦ ሺህ ሦስት መቶ ብር፣
ከዚያ ላይ ሰባው የስንዱ ብድር፤
ሁለት መቀስ፣ ክር፣
ለወር አበባ የሰፋነው ጨርቅ፣ ጥቅል በጥቅል
(ወንዶቹ ሲጠይቁን «የወንበር ልብስ» የምንል)፤
ማኅተማችን፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰችው፣
መዝገባችን፣ በየቅዳሜው ስም የምጠራበት እኔው።

በሌሊት ቅጥቅጥ፣ ከመዘዞ ወዲህ፣
ጉሙ ጣርማ በርን እንደ ጥጥ ሲያዳውር፣
ማኅተሙን በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ሥር፣
ረዳቱ «ምንድን ነው እንዲህ የምታቅፊው?» ቢለኝ
«እንቁላል ነው» አልኩት። ቦታ ለቀቀልኝ።

የትምህርት ቤት አዳራሽ፤ ጥርስ የሚያስቆጥር ብርድ።
የሸዋሮቢት ልጆች በስስ ቀሚስ መጥተው
እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ እንደ ጫጩት ከተው።
ሙፈሪያት የምትባል፣ የማሾ ነጋዴ ልጅ፣
ከንፈሯ ዐመድ መስሎ፣ እንባዋ ሳይመጣ ቀዝቅዞ።
ባናዬን አለበስኳት።
«ይሸታል» አለችኝ።
«በግ ነው፤ ይለመዳል።»

ከዚያማ ጠብ ሆነ፤ ስሙ ግማሽ ቀን በላ።
አንኮበሮች «ሰገነት»፣ እኛ «ጎሕ»፣ ደብረ ሲናዎች ሌላ፤
ዓለም ከተማዎች ስም እንኳን የላቸውም፣
«ቁጥር ሁለት» ነበሩ፤ ግን እሱንም አይለቁም።
የሻርፑ ቀለም፣ የባንኩ ፊርማ፣
ሊቀ መንበር ከደጋ ይሁን ወይ ከቆላማ፣
ሁላችን ተናጋሪ፣ አንዳችን ሳንሰማ።

ወይዘሮ እታገኝ፣ ከዞን የመጣችው፣
አዲሱን መዝገብ ገለጠች፤ ገጹ ገና እርስ በርሱ ይጣበቃል።
«የሌሉትን አናዛውርም» አለች። «ያሉትን ብቻ።»

ጣቴ ዐሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ቆመ።
ደብሪቱ ሽፈራው። ዐሥራ አራት ዓመቷ።
በጥር፣ ሳይነጋ፣ በቅሎ ላይ የጫኗት፣
የሂሳብ ደብተሯ እኛ ዘንድ የቀረ።
በየቅዳሜው ስሟ ጋ ስደርስ
ከመካከላችን አንዷ «አለች» ትላለች።
ሦስት ዓመት። በቃለ ጉባኤ የለም፤
አንድ ቀን ፋንታነሽ ከአፏ አመለጣት፣ ከዚያ ወዲያ አልቀረም።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።
«ደብሪቱ ካልገባች፣ እኛም እንግዲህ እንቅር።»

ዝም።
ከባናዬ ውስጥ ነው ድምፅ የወጣው፦
«እኛም ቁጥር ዘጠኝ አለችን። ሰዓዳ።
አረብ አገር ናት። ስልኳ ከተዘጋ ዓመት አለፈው።»
ከአንኮበር አንዲት ቀጭን፦ «አራት ቁጥር። በወሊድ።»
ደብረ ሲናዎች ሁለት።
የዓለም ከተማዋ ልጅ በጣቷ ቆጠረች፣
ሌላ እጇን ጨመረች፣
ተወችው።

ወይዘሮ እታገኝ መነጽሯን በነጠላዋ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።
«መመሪያው እንዲህ አይልም» አለች፣ ለራሷ፣
ብዕሩን ግን ለእኔ ሰጠችኝ።
የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከሊቀ መንበሯ በፊት፣
ገና ከተጣላንበት ወንበር ሁሉ በፊት፣
አንድ ብዬ ጻፍኳት።

ስም ተጠራ። ጠዋት ሲናከስ የዋለ አፍ
እኩል ተከፈተ፦
አለች።
አለች።
አለች።

ማኅተሞቹን በምላጭ ሸረከቷቸው።
የእኛን እኔው ቆረጥኩት፤ መጀመሪያ መዳፌ ላይ መታሁት።

ስሙ አልተወሰነም። ሻርፑም ለሚያዝያ ተቀጥሯል።
ስንዱ ሰባ ብሯን ለማን እንደምትከፍል ትጨቀጭቀኛለች።
መዳፌን ገልጬ አየሁ፦ ቀለሙ በላብ ፈሶ
«ጎ» ብቻ ቀርታለች።
ቅጥቅጡ ደጋውን ይወጣል፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል።
ባናዬን ሙፈሪያት እንደለበሰችው ወረደች።
እዚያ ሐሩር ውስጥ ምን ልታደርገው ነው?