ያልወደቀ ሰው

በጥር ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣
ገና አንድ ሰዓት ነው፣ ግራጫ ነው ሰማይ፤
ጓንቴን አውልቄ ሳንቃውን ብዳስሰው
ውርጭ አድሮበታል፤ ጨው የነሰነሱበት ይመስላል ላየው።
የባሕር ዛፍ አጣና፣ በሚስማር የቆመ፣
አራት ፎቅ ታቅፎ ብርዱን ያስታመመ፣
ከሥሩ እስከ ጫፉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ፤
«ፀሐይ እስኪያቀልጠው ማንም አይውጣ» አልኩኝ።

ካቦው ጥላዬ ሳቀ፤ ሳቁ በብርዱ ይጨሳል፤
«ሴፍቲ፣ ሚክሰሩ ተነሥቷል፣ ነዳጁ ይፈሳል፤
ቫይብሬተሩ ኪራይ ነው፣ በሰዓት ይቆጥራል፤
ኢንጂነሩ ሲመጣ ፊቱ ማን ይቆማል?»
«እኔ» አልኩት።
እውነቱን ለመናገር ድምፄ ትንሽ ሰለለ፤
ፔሮል ላይ የሚፈርም ከሱ ሌላ ማን አለ?

ሥራዬ እንዲህ ነው፤
ሰው ግንብ ሲያቆም፣ ሰው ሲለስን፣
እኔ የምሠራው ያልሆነ ነገርን፤
ያልተሰበረ እግር፣ ያልፈሰሰ ደም
በሜትር አይለካ፣ ክፍያ የለውም።
ስልጠናው ላይ ሦስት ቀን ስጋት ሲተነተን፣
ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሠንጠረዥ ሲያሳዩን፣
እኔ ደብተሬ ላይ «ያልጠረጠረ
ተመነጠረ» ብዬ ጽፌ
ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፦ «ያለ አደጋ የሠራንበት ቀን።»
ቁጥሩን በየጠዋቱ በጠመኔ የማድሰው እኔ ነኝ።
ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ አንድ ደርሶ ነበር።
ሦስት መቶ ሲሞላ የመንዝ በግ ይታረዳል ተብሏል፤
ጥበቃው ጋሽ ንጋቱ ካሁኑ ቢላ ስሏል።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣
ከጅሩ የመጣው ልጅ ካሳፎርማ ይመታል።
ስሙ ይፍሩ ነው፤ እሱ ግን አይፈራም፤
ቀበቶ እሰር ሲሉት «በሬ ነኝ ወይ?» ነው ሁሌም።
ያን ቀን ግን ታሰረ፤
ከጭቅጭቄ ሊገላገል እንጂ አምኖበት አይደለም።
ሳንቃው ቀጭ አለ።
ክንድ ያህል ወረደ። ገመዱ ያዘው።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደ ታጠበ ካፖርት ተንጠልጥሎ
መዶሻውን አልጣለም።
ጎትተን አወጣነው፤ ሳቀ፤ ውሃ ጠጣ፤
ጥላዬ በጆሮዬ «አትጻፈው» ሊል መጣ፤
«አልወደቀም እኮ፤ ምኑን ነው የምትጽፈው?
ሁለት መቶ ቀናችንን ወደ ዜሮ ልትመልሰው?»

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ፣
በሞባይል ብርሃን መዝገቡ ፊት ተቀምጬ፣
እስክሪብቶዬን ነክሼ፣ በሁለት ልብ አምጬ፣
ይፍሩ መጣ።
አልሳቀም። እጆቹን ብብቱ ሥር ደብቋል፤
ይንቀጠቀጡ እንደሆን አልጠየቅሁትም።
«ወንድሜ የወደቀው ሌላ ከተማ ነው፣ ሌላ ድርጅት» አለኝ።
«ወረቀቱ ላይ ‹አንድ የቀን ሠራተኛ› ነው ያሉት።
እናቴ ያንን ይዛ ቢሮ ለቢሮ ስትመላለስ
‹የትኛው?› አሏት።
ስማ፣ የኔን ሙሉ አድርገህ ጻፈው፤ እስከ አያቴ።»

ጻፍኩት፦ ይፍሩ አጎናፍር ወልደጊዮርጊስ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰሜን ማዕዘን፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤
አልወደቀም።
በማግስቱ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ።
ጋሽ ንጋቱ ሰላምታዬን እስካሁን አልመለሰም።

እና ዛሬ ጠዋት፣
ሰሌዳው «ስድስት» ይላል፤
ሠላሳ ሰው እጁን በትንፋሹ ያሞቃል።
ፀሐይ በአንኮበር በኩል አንድ ጣት ብቅ ብላለች።
ይፍሩ ማንም ሳያዘው ቀበቶውን ይታጠቃል፤
ሳንቃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።
መዝገቤን ገልጬ «የወደቀ» ከሚለው አንጻር
«ውርጭ» ብዬ ጻፍኩ።
የፒክአፑ በር ተዘጋ፤
ኢንጂነሩ ሰዓቱን እያየ
ወደኔ እየመጣ ነው።