ክርና ጠመኔ

ከሞጣ ገበያ ክፍሌ ድረስ መጡ፤
ጋሽ አንማው ከኪስ ውስጥ አንድ ነጭ ክር አወጡ።
"የዝና ቤይሩት ናት፣ እንዬ ግን ኩዌት ናት፤
በሰማይ ከሄዱ፣ ስንት ይፈጃል ሰዓት?"

ክሩን ብዘረጋው አንድ ጣት እንኳ አልሞላ፤
በጠመኔ አባዛሁ፣ ነገርኋቸው ኋላ፦
"አሥራ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም፣
ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ እንኳ አይበልጥም።"

ሳቁ። "ይቺማ እኮ የወፍጮ መንገድ ናት፣
በአህያ ጭኜ እንኳ ለራት የምደርስባት!"

ደግሞ ዝም አሉና ክሩን ጠቀለሉ፤
"ሰባት ዓመት ሆኗል፣ አልተያዩም" አሉ።
"አውሮፕላኑስ ገባኝ። ከሰው ጓዳ እስከ በር
ስንት ሰዓት ይሆናል?"
                              ቆምሁ ሳልናገር።

ደወል ተደወለ።
ጠመኔው እጄ ላይ።