የሳህን ማጠቢያው መስኮት

ቦታው ድንጋይ ነበር፣ ሁለት የወይራ ዛፍ፣
አንድ የፈረሰ ካብ፣ ከቪስ ደሴት አፋፍ።
ችካሌን ቸክዬ ገመዴን ወጠርኩ፣
ባልና ሚስቱን ካቡ ላይ አስቀመጥኩ፤
«ምን ዓይነት ቤት ይሁን?» ብዬ ጠየቅኩ።

ቶንካ ቀደመችው፦ «ባሕር ነው የምሻ፣
ከሳሎን፣ ከመኝታ፣ ከደረጃው መድረሻ።
ሃያ ዓመት ከተማ መስኮቴን ስከፍት
የጎረቤት ካልሲ ተሰጥቶ ፊት ለፊት!
ግድግዳ በቃኝ፤ መስታወት ይሁንልኝ፣
ጧት ዓይኔን ስገልጥ ማዕበል ይቀበለኝ።»

ፍራኔ ዝም አለ። የመርከብ ካፒቴን ነው፣
ከንጋት እስከ ማታ ባሕር ነው የሚያየው።
«እስኪ የባንክ ጸሐፊ፣» አለ ጥቂት ቆይቶ፣
«ካልጋው በላይ ይሰቅላል የቢሮውን ፎቶ?
ለእኔ አንድ ክፍል ስጪኝ፣ ጋራውን የሚያይ፣
ፍየልና ቁጥቋጦ፣ ቁራሽ የምታህል ሰማይ።»

ወር ሙሉ ሳልኩ፣ ሰረዝኩ፣ ላጲስ ጨረስኩ።
የቢራ ሳጥን ደፍቼ ተቀመጥኩ
በትንሹ ዱዬ ቁመት፤ ደግሞ ተነሥቼ
በአያቱ ወንበር ልክ፣ አንገቴን አቅንቼ።
ለካ የሰው ባሕሩ ለየቅል ኖሯል፤
ለልጁ ሣር በዝቶ ውኃው ይደበቃል፣
ለፔሪና ደግሞ ሰማይ ብቻ ተርፏል።

ግንበኛው ሽማግሌ ፕላኔን አየና፣
«አባቶች ለባሕር ጀርባ የሰጡት» አለና፣
«ውበት ጠፍቷቸው ነው? የደቡብ ነፋስ ሲመጣ
ጨው መስታወት ይልሳል፣ ማጠፊያው ነው ጣጣ።»

እናም አቻቻልኩት፦ ለቶንካ ሰፊ መስታወት፣
ለፍራኔ ጋራ፣ ለዱዬ ዝቅ ያለ መስኮት፣
ከሳህን ማጠቢያው በላይ፣ ለእንፋሎት መውጫ፣
ክንድ በክንድ የሆነች ቀዳዳ፣ መቋጫ።

ከዓመት በኋላ ሄድኩ።
ትልቁ መስታወት መጋረጃ ለብሷል፤
ፀሐይ የሶፋውን ቀለም መጥጦ ጨርሷል፤
ቶንካ ጨው ስትወለውል ክንዷ ዝሏል።
ሰልፉ ማጠቢያው ዘንድ ነው!
ዱዬ በርጩማ ላይ፣ አያት በምርኩዟ፣
ፍራኔ የታጠበውን ሳህን ደግሞ ያጥባል።
«ባሕር ሰልችቶህ አልነበር?» አልኩት።

ሳህኑን አገላበጠ። ወደ እኔ አልዞረም።
«ማታ ከመጨረሻው ጉዞ ስመለስ፣
ከወደቡ መብራት አስቀድሞ የሚታየኝ
አንዲት ቢጫ ካሬ ናት፣ የሚስቴ ራስ ያለባት።
ካለች፣ እራት አለ። ከጠፋች፣ ተኝተዋል።
አሁን እዚህ ቆሜ የምፈልገው ባሕሩን አይደለም፤
የትኛው ውኃ ላይ ሆኜ እንደማያት ነው።»

በፕላኔ ላይ ቀስቱ ሁሉ ወደ ውጭ ነበር፤
ከባሕር ወደ ቤት የሚመጣ ዓይን አልሳልኩም።
በሒሳቡ ወረቀትም ያቺን መስኮት
«የእንፋሎት መውጫ» ብዬ ነው ያስከፈልኳቸው።