ቀዩ መብራት

ፒያሳ፣ ከጫማ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣
ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለብጬ፣ በሩን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣
ባጃጁ እስኪተኛ፣ ውሻውም እስኪበቃው ታግሼ፣
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንጉዳይን ቀዳኋት።

ማይኩን አይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።
«ጆሮ ነው፣ እትዬ።»
«እንግዲያ አልጮኽበትም፤
ጆሮ በቅርብ ካለ ሰውን ምን ያስጮኸዋል?»

ጀመረች።
መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ፣ የሚሳብ፣
ከዚያ ቀስ እያለ ክፍሉ ላይ የሚረብ፤
«ወንድሜ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣
የመስኮቱን መስታወት አርገፈገፈችው።
ከዚያ ዝም።
ሁለት ሰከንድ ተኩል። ቆጥሬዋለሁ።
ትንፋሿ ገባ፤ የወንበሩ እንጨት ሲጥ አለ፤
ከቀሃ ማዶ አንድ አውራ ዶሮ ሰዓቱን ሳተ።

ስክሪኑ ላይ ድምጿ ተራራ ነበረ፤
ሸንተረር፣ ገደል፣ ወለል ያለ መስክ፣ ደግሞ አፋፍ፤
የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያነበዋል።

በማግስቱ ቢያድግልኝ መጣ፤ ገንዘቡ የእርሱ ነው።
«አነሰ» አለ።
«ከሌላ ዘፈን ቀጥሎ ሲመጣ የታመመ ይመስላል።
የባጃጁን ሞተር ይብለጠው፤ የአውቶፓርኮን ጥሩንባ ይብለጠው።»
ሊሚተሩን ገፋሁት። «ጨምር» አለ፤ ጨመርኩ።
ቀዩ መብራት በራ። «ጨምር!»
ጫፉን ቆረጥኩ፤ ጉድባውን ሞላሁ፤
ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ ረጅም ጡብ ሆነ።
ሹክሹክታዋ ከጩኸቷ እኩል፣ ትንፋሿ ከቃሏ እኩል፣
የወንበሩ ሲጥታ ከማሲንቆው እኩል፤
በዚያች ሁለት ሰከንድ ተኩል ፉጨት ሞላባት።
«አሁን ሆነ!» አለ። ከፈለኝ። ተቀበልኩ።

ዳገቱ ሁሉ ሜዳ፣ ሜዳው ሁሉ ዳገት፣
በምን ይታወቃል የወጣንበት፣ የወረድንበት?
ግንቡ ግንብ የሆነው ሜዳው ዝቅ ብሎ፣
ማን ቀና ብሎ ያያል ሁሉም ግንብ አክሎ?
ድምፅ ጨመርኩ ብዬ ድምጿን ቀነስኩባት፣
ዝምታዋን ቀምቼ ጩኸት ሰጠኋት።

በሳምንቱ ወደ አዘዞ በባጃጅ ስንወርድ
ሾፌሩ ከፈተው።
ስፒከሩ ከወንበራችን ስር ነው፤ ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ።
እንጉዳይ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሰበሰበች፤
ግንባሯን ቋጥራ አዳመጠች።
«ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» አለችኝ፤
«ማን ምኗን ቀምቷት ነው እንዲህ የምትቆጣው?»

አልመለስኩላትም።
ሾፌሩን ብቻ፣ «እባክህ ቀንስልን» አልኩት።
ቀነሰው።
ቁጣው ግን አልበረደም፤ ትንሽ ቁጣ ሆነ እንጂ።

የመጀመሪያው ቅጂ ፍላሽ ላይ አለ፤
መሳቢያዬ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።
አንዳንድ ሌሊት እከፍተዋለሁ፤
ቁልፉን በገዛ እጄ ከፍ አደርጋለሁ፤
መስታወቱ ይርገፈገፋል፣ ዝምታዋ ትመጣለች፣ ዶሮው ይሳሳታል።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ቀጠሮ አለው።
በስልክ፣ ገና ስሙን ሳይነግረኝ፣
«ከእንጉዳይ የበለጠ ይጩህልኝ» ብሏል።